አብረን የበላነው ገንፎ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላማዊት ከሐዋሳ መጣች። እዚያ ሥራ ከያዘች ወዲህ ለበዓል ካልሆነ አትመጣም፤ ስለዚህ ሚኒባሱ የሚቆምበት ድረስ ወጥቼ ተቀበልኳት። ሻንጣዋን ይዤ ወደ ግቢያችን ስንታጠፍ ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩንና እጃቸውን ዘረጉ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ወፍረሽ፣ አምሮብሽ መጣሽ! ሐዋሳ ተስማምቶሻል!» እያሉ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

ሰላማዊት ሳቀች። እኔ ግን ፊቷን አላየሁም። ያየሁት እግሯን ነው፤ የጫማዋ ማሰሪያ ቆዳዋ ላይ ምልክት አውጥቶ እንደሆነ።

ይህ የቆየ ልማዴ ነው። ሰው «ወፈርክ» ወይም «ወፈርሽ» ተብሎ ሲመሰገን በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዘው ወደ እግር ይወርዳል። ምክንያቱን ለሰው ዘርዝሬ ተናግሬ አላውቅም፤ ሚስቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ መካኒሳ።

አባታችን ሲሞት ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለት ነበርን። እናታችንን ቀደም ብለን ቀብረናል። እህቴ አስናቀች ትባላለች፤ ታላቄ ስለሆነች በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ «እታለም» ነበር የምላት። በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ምግብ ታበስል ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተበላሹ ሬዲዮኖች ኤሌክትሪክ ለመማር እታገል ነበር። ብዙ አላወራም። የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ ሽቦውን በሥርዓት እስክጠመጥም ድረስ ከተቀመጥኩበት አልነሣም፤ አንድ ዙር ከተሳሳተ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና እጀምራለሁ።

ቀጭን ነበርኩ። የሰፈር ጓደኞቼ «ሽቦ» ነው የሚሉኝ፤ ግማሹ ለሥራዬ፣ ግማሹ ለመልኬ። «ሽቦ፣ ወደ ንፋስ ስልክ የምትሄድ ከሆነ ኪስህ ድንጋይ ጨምር!» ይሉኛል ከሱቁ ደረጃ ላይ ሆነው። አለመብላቴ ግን አልነበረም። የቀረበልኝን እጨርሳለሁ፤ እታለም ከድርሻዋ የምትጨምርልኝንም እጨርሳለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሆዴ እንደገና ይጮኻል። አባታችንም እንዲሁ ነበር። ከላፍቶ ወተት የሚያመጡልን ወይዘሮ ጫልቱ፣ «የእናንተ ቤት ሰው የጭድ እሳት ነው፤ የገባውን ሁሉ ወዲያው ያነደዋል» ይሉ ነበር። «የእናንተ ቤት ሰው» ያሏትን ነገር ያን ጊዜ ማንም ልብ አላላትም።

ችግሩ፣ ቅጥነቴ የእኔ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። እታለም ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ታደሰ በአንድ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠራ ታጋሽ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ከተፈቀደለት ቆይቷል። እሷ ግን አንድ ቃል ነበራት፤ «ወንድሜ ሥራ ሳይዝ ከዚህ ቤት አልወጣም።» እኔ ሥራ ካገኘሁ ጥር ላይ ሠርግ አለ፤ ካላገኘሁ የለም። ታደሰ ይህን ያውቃል፤ ይጠብቃል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ሥራ አይጠይቀኝም፤ አለመጠየቁ ከመጠየቅ ይብስብኝ ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ በንፋስ ስልክ በኩል ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ለሞተር ክፍል ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ ሄድኩ። የተቃጠለ ሞተር ሰጡኝ፤ ጠመጠምኩት፤ ሠራ። ፎርማኑ ደስ ብሎት ወደ ክሊኒኩ ላከኝ። እዚያ የነበሩት ጠና ያሉ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏቸዋል። ሚዛኑ ላይ አቆሙኝ፤ መርፌውን አይተው መልሰው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ሞተር የሚጠግን ሰው ሞተሩን ተሸክሞም ይወጣል። በዚህ አቅምህ ብፈርምልህ ወገብህ ነው የሚቆረጠው። አምስት ኪሎ ጨምርና ሰኔ መጨረሻ ላይ ተመለስ፤ ቦታውን እንዲያቆዩልህ እነግራቸዋለሁ።»

አንገቴን ደፍቼ ቤት ገባሁ። እታለም ሰምታ ስትጨርስ ሳቋን ለቀቀችው።

«አምስት ኪሎ! ይኼ ነው እንዲህ ያጠቆረህ? ደግሞ ጊዜውን አታይም? በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ! እግዜር ራሱ ብላ ብሎሃል!»

ሥራው የተጀመረው ከኮሶ ነው። «ሆዱ ውስጥ የሚበላበት አለ» ብላ በባዶ ሆዴ አጠጣችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስመላለስ ዋልኩ። ምንም አልወጣም። «ወይ ጉድ፣ ትሉም ርቦት ሞቷል!» አለች።

ከዚያ ወደ ምግቡ ገባን። ጠዋት ጠዋት የአብሽ ገንፎ ነው። አብሹን ትዘፈዝፍና ምሬቱ እስኪለቅ ውኃውን እየቀያየረች ታቆየዋለች፤ ከገብስ ዱቄት ጋር ታገነፋዋለች፤ መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጋ የወይዘሮ ጫልቱን ቅቤ ትሞላዋለች። ቅቤው በርበሬውን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀልጥ የነበረው ሽታ እስከ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀትር ላይ በሶ በማር፣ ማታ ወተት። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው ስኳርና ዘይትም ወደ እኔ ሳሕን ይሄዳል። ያን ጊዜ ላፍቶ እርሻ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል። ወይዘሮ ጫልቱ ከወተታቸው ጋር ሲደርሱ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በጤዛ ርሶ ነው።

ብቻዬን ግን አልበላም። እታለም ፊት ለፊቴ በርጩማ ስባ ትቀመጥና በእሷ በኩል ካለው ትቆርሳለች። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትላለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም፤ እሷ ያቆመች ለት እኔም እንደማቆም ስለገባት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄደን በእህሉ ሚዛን እመዘናለሁ። ባለ ወፍጮው ጋሽ ደምሴ እስከ ቅንድባቸው በዱቄት የነጡ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ከሩቅ ሲያዩን፣ «አስናቀች፣ ያን ባዶ ጆንያ አምጪው እስቲ!» ይላሉ። እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ ሚዛኑ ያው ነው። «ጆንያው ቀዳዳ አለው፤ መጀመሪያ ስፉት» ይላሉ፤ እንስቃለን፤ ወደ ገንፏችን እንመለሳለን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ግን ሰው ወፈረ። እኔ አይደለሁም።

የእታለም ጉንጭ ሞላ። ከዓይኗ ሥር የነበረው ጎድጓዳ ተደፈነ፤ አንገቷ ላይ መስመር ወጣ። ሰፈሩ በአንድ አፍ አመሰገናት። ጋሽ ደምሴ ሥራቸውን ትተው ሳቁ፤ «አብሹ መንገድ ስቷል! ለወንድም ተገንፍቶ እህት ላይ ወጣ!» ወይዘሮ ጫልቱ የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀምጠው ከራስ እስከ እግሯ አዩዋትና «አሁን ገና ሙሽራ መሰልሽ» አሏት። ታደሰ በትርፍ ጊዜው የሚሰፋላትን የሠርግ ቀሚስ ሊለካባት መጥቶ ጎኑ አልገጥም አለው። ስፌቱን ፈቶ ለቀቀው። ሌላ ቀን መጥቶ እንደገና ለቀቀው። «እንዲህ ከቀጠልሽ ጨርቁ አይበቃኝም» ሲላት የስፌት መርፌዎቹን በከንፈሩ እንደያዘ ይስቅ ነበር። ያን ሳቁን ደግሜ አላየሁትም።

እኔም ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ቀንቻለሁ። ከአንድ ሳሕን በልተን ለእሷ የሆነው ለእኔ ለምን እንዳልሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ጥቃቅን ነገር ማየት ስለምወድ አንዳንድ ነገር ዓይኔ ገብቷል። ማታ ከሥራ ስትመለስ የላስቲክ ጫማዋ አልወልቅ ይላታል፤ ሲወልቅም ማሰሪያው የተኛበት ቦይ እግሯ ላይ እንዳለ ይቆያል። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትነሣለች። ከወንዙ ወደ ቤታችን ያለውን ዳገት ስትወጣ መሐል ላይ ትቆማለች። «ለካ ውፍረት ያደክማል!» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፤ አነጋገሯ ኩራት ነበረበት። እኛም ኩራቱን ሰማን እንጂ ድካሙን አልሰማንም። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ የንስሐ አባታችንን ለእኔ አስፈቀደች፤ ለራሷ አላስፈቀደችም። እኔ ቅቤዬን ስበላ እሷ ፊት ለፊቴ ሽሮዋን ትበላለች፤ እየጾመችም መወፈሯን አላቆመችም። «ጾም የተስማማት» ተባለ። ጊዜው ሰው የሚከሳበት ነበር። በሬዲዮ ስለ ድርቅ ይወራል፤ ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ የተወሰዱባቸው እናቶች በየበሩ በሐሳብ ያልቃሉ። በዚያ መሐል የወፈረ ሰው ማየት የምሥራች ነው። የምሥራች ላይ ጣቱን ጭኖ የሚመረምር ማን አለ?

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ወደ ፋብሪካው ስሄድ «ምስክር ሆኜ እመጣለሁ» ብላ ተከተለችኝ። በላፍቶ አቋርጠን፣ ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። በየባሕር ዛፉ ሥር ታርፋለች፤ እኔ ዝናቡን የምትሸሽ መስሎኝ ነበር።

ሲስተር መዘኑኝ። «አንድ ኪሎ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኀዘኔታ ነበር።

«ሲስተር፣ ጥፋቱ የምግቡ አይደለም!» አለች እታለም ከበሩ። «እኔም ከእሱ ጋር ነው የበላሁት። ይኸው፣ ይዩኝ!» ጫማዋን ታግላ አውልቃ፣ እየሳቀች ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ሲስተር መርፌውን አላዩም። ፊቷን ነው ያዩት።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። «ሽንትሽ እንዴት ነው?»

እታለም እኔን አየችና አቀረቀረች። «ቀንሷል . . . እንጃ፣ ብርዱ ነው መሰለኝ።»

ሲስተር ጎንበስ ብለው ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ትንሽ ቆዩ፤ ጣታቸውን አነሡ። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ገንፎ መሐል ለቅቤ እንደምትሠራው ዓይነት ጉድጓድ ነበር። እስኪሞላ ጠበቅኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሦስታችንም እግሯን እናያለን፤ አልሞላም።

«እህቴ፣ ይኼ ውፍረት አይደለም» አሉ ሲስተር። «ውኃ ነው።»

ሁለት ወረቀት ጻፉ። በአንዱ እኔን አሳለፉኝ፤ «ሸክሙን ሌላ ሰው ያግዘው» አሉ። ሁለተኛው እታለምን ወደ ሆስፒታል የሚልክ ነበር። ስንመለስ የእኔን ወረቀት ዝናብ እንዳይነካው እሷ በጉያዋ ያዘችው፤ የእሷን እኔ ያዝኩት።

«እንግዲህ ሥራ ያዝክ» አለች።

«አዎ።»

«ለታደሰ ሥራ መያዝህን ንገረው። ሌላውን እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ቀሚሱን እየሰፋ ነው፤ እጁ እንዳይቀዘቅዝ።»

በሽታው የኩላሊት ነበር። ሆስፒታል መድኃኒት ሰጧት፤ ጨው ከለከሏት። ጨው የሌለው ሽሮ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ የበላ ያውቀዋል። እኔ ከፋብሪካ ስመለስ በርጩማዋን ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ከእሷ ሳሕን እበላለሁ። «ለአንተ የተለየ ሠርቼልሃለሁ፤ ያኛውን ብላ» ትለኛለች። «ብቻውን የበላ . . .» ብዬ እጀምራለሁ፤ አልጨርሰውም። ያቺ አንድ ኪሎዬ በዚያ ክረምት ተመልሳ ሄደች።

በመስከረም ውኃው በመድኃኒቱ ከሰውነቷ ወጣ፤ ኩላሊቷ ግን አልዳነም። ጎረቤቶች ሊጠይቋት እየገቡ «አሁንስ ከሳች» እያሉ በበሩ ላይ ያለቅሱ ነበር። እኔ ግን አልከሳችም እላለሁ። ውኃው ሲወጣ ከሥሩ የተገኘችው ቀድሞም የነበረችው እህቴ ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ክንዷ እንደ እኔ ክንድ። ያን ሁሉ ገንፎ በልታ አንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረችም ነበር። የእኛ ቤት ሰው ናት። የጭድ እሳት። ወይዘሮ ጫልቱ ነግረውን ነበር፤ እሳቸውም የተናገሩትን አልሰሙትም።

ታደሰ ቀሚሱን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው፤ አሁን ለማጥበብ። አንድ እሑድ አመጣላት፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ ለበሰችው። እጁን በጎኗ በኩል አሳልፎ ስፌቱን ዳሰሰ። «ልክ ነው» አለችው እሷ። «እንዳትነካው።»

ኅዳር ሲታጠን በዋለ ማግሥት አረፈች። በየበሩ የተቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ገና ከሰፈሩ አልወጣም ነበር። ሀና ማርያም ቀበርናት። ፋብሪካው ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ፤ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሸክሙን ማን ያግዘኛል?» የሚል ነበር። ዛሬም ሽቦ ነኝ። የሚያሳድደኝ ሚዛን ግን የለም።

ቅዳሜ ማታ ሰላማዊት እራቷን በልታ ሶፋው ላይ ስትዘረጋ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀኛለች።

«አባዬ ደግሞ ጀመረህ!» አለች፤ ሱሪዋን ግን እየሳቀች ከፍ አደረገችልኝ።

ቅልጥሟ ላይ አውራ ጣቴን ጫንኩ። ጥቂት ቆየሁ። ጣቴን አነሣሁ። ሥጋዋ ወዲያው ተመለሰ፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንኳ አልታወቀም።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ፊቷን ያየሁት። ጉንጯ ሞልቷል፤ ዓይኗ ጥርት ብሏል።

«ወፍረሻል፣ ልጄ» አልኳት። «አምሮብሻል።»