አሸቱ በቀይ የጻፈችው

ነገሌ ተምሮ አሸቱን የማያውቅ ካለ፣ እሱ ትምህርት ቤት አልገባም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች፣ መጽሐፍ ገጹን አጥፎ የመለሰ ተማሪ ስታይ ጆሮውን ከመቆንጠጥ የማትመለስ ሴት ናት። ዘንድሮ ግን ተማሪው መጽሐፉን እንደ ቆሎ ወረቀት ጠቅልሎት ቢመጣ ዝም ብላ ትቀበላለች። ምን ነካት ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

አሸቱ የወታደር ልጅ ናት። አባቷ አሥር አለቃ ሽመልስ ከሰሜን መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር የቀረ፣ ሥራው በር መጠበቅ፣ ጠባዩ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታ መስጠት ነበር። በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ እናቷ ብዙወርቅ የወታደር ካፖርቱን ድስት ውስጥ ከትታ በጥቁር ቀለም ቀቀለችው፤ ሰው እንዳያውቀው። ሽመልስ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን ካፖርት ለብሶ በሞያሌ መንገድ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። አሸቱ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ብዙወርቅ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ እየቸረቸረች አምስት ልጅ አሳደገች፤ አንድ ቀን እንኳ አልጋ ይዛ ስታለቅስ ያያት የለም።

አሸቱም ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ኋላም ቤተ መጻሕፍቱን ተረከበች። ባል አግብታ ነበር፤ ሻሸመኔ ደርሼ ልምጣ ብሎ እስካሁን እየመጣ ነው።

አንድ ዓመት ከፈረንጅ አገር ሰባት ካርቶን መጽሐፍ በእርዳታ መጣ። ሲከፈት ግማሹ አንድ ዓይነት ነው። ዓለም ጠፍታለች፣ የተረፈው ሰው በግንብ በታጠረ ከተማ ይኖራል፣ ክፉ መንግሥት ሕዝቡን ያስጨንቃል፤ ከዚያ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትነሣና ሁሉን አፈራርሳ ትገላግላቸዋለች። ሽፋኑ ላይ ያቺው ልጅ ፀጉሯን ነፋስ እየመታው ሩቅ ታያለች። አሸቱ እንግሊዝኛዋ ደህና ነው፤ አንድም ሳይቀራት አነበበች። አንብባ አንብባ ደሟ ፈላ።

የቀዩ ወረቀት ነገር ያኔ ተጀመረ። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ አንድ ወረቀት ትለጥፍና በቀይ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ የመጣላትን ትጽፋለች። "ይህች ልጅ ሦስት ቀን ምግብ ሳትቀምስ ግንብ ትዘላለች። ተርቦ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።" "በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ጀሪካን የተሸከመ ፍጡር የለም። ውሃው በራሱ እየመጣ ነው እንዴ?" "ቆንጆ መሆኗን አታውቅም ይለናል። ሁለቱ ጎረምሶች ግን ከገጽ አሥር ጀምረው አውቀዋል። አይ ደራሲ!" "የወር አበባዋስ?" ሴቶቹ ተማሪዎች መጽሐፉን የሚያነሡት ለወረቀቱ ብለው ነበር። አንብበው ይንከተከታሉ፤ አሸቱም ሳቃቸውን እየሰማች ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ትላለች።

ሁለት ነገር ግን አያስቃትም። አንዱ እናቶቹ ናቸው። "እናትየዋ ሁልጊዜ ወይ ሞታለች፣ ወይ ታማለች፣ ወይ ቀልቧ ተገፎ ግድግዳ ታያለች" ብላ ጻፈች። "ልጅቷ ጀግና እንድትሆን እናትየዋ የግድ ከንቱ መሆን አለባት? ስሟን እንኳ ነፈጓት።" ሁለተኛው በር ጠባቂዎቹ ናቸው። ጀግናዋ እየጣለቻቸው ታልፋለች፤ ስም ያለው አንድም የለም። እዚህ ላይ አሸቱ የጻፈችው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ "ልጅ የለውም ወይ?"

ሰንበቴ የመጣችው ይኼኔ ነው። ከነገሌ ወጣ ካለ ቀበሌ የከብት አርቢው የዋሪዮ ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ አሥረኛ ትማራለች። እነዚያን ካርቶኖች በአንድ ዓመት ጨረሰቻቸው። አሸቱ እንደዚህች የምታነብ ልጅ ገጥሟት አያውቅም። "ይህቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳላስገባ ብሞት ዓይኔ አይከደንም!" ትላለች አስተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት። አውቃ አልነበረም እንጂ ክፉ ስለት ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ ቀረ፤ ሲጠበቅ ደግሞ ቀረ። ከዋሪዮ አርባ ከብት ሁለት ተረፉ፤ እነሱም ጠዋት ጠዋት ሰው ደግፎ ካላነሣቸው አይቆሙም። ሰንበቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ትደግፋለች፣ ሰኞ ትመለሳለች። ከሳች። አሸቱ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትላት ነበር።

የካቲት ላይ ሰንበቴ አንድ ደብተር ይዛ መጣች።

"ቲቸር፣ እኔም ጻፍኩ። እንደ መጽሐፎቹ አድርገው ይዩልኝ። ቀዩን እንዳይተዉት።"

"ወይ ጉድ! ደራሲ ሆንሽልኝ?" አሸቱ ደስታዋ ፊቷን ሞላው።

"ልጅቷ እምቢ የምትልበትን ቦታ ግን ጥሩ አድርገው ይዩልኝ" አለች ሰንበቴ። አልሳቀችም።

ታሪኩ ትንቢት ስለምትባል ልጅ ነው። ዝናብ በማያውቀው፣ በግንብ በታጠረ አገር ውስጥ፣ ትንቢትን ለግንቡ አለቃ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀምጧል። ትንቢት ማንም ሳይጠራት መሃል ትገባና "አልሄድም፣ ትምህርቴን አልጨረስኩም" ትላለች። ሽማግሌው ሁሉ ጸጥ ይላል። አባቷ ተነሥቶ ግንባሯን ይስማታል። እናትየዋ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብላለች፤ ስም የላትም።

አሸቱ ሁለት ቀን ይዛው ዋለች። ቋንቋው ያምር ነበር፤ ከብቶቹ ሲደገፉ የሚያሰሙትን ድምፅ የጻፈችበት ቦታ አሸቱን አስለቅሷታል። ይህን ግን አልነገረቻትም፤ አስተማሪ ብዙ ካመሰገነ ልጅ ይበላሻል የሚል እምነት ነበራት። ወረቀቷን ለጠፈችና ጻፈች። "አይታመንም። ከብቱ ያለቀበት አባት ለሽማግሌ የሰጠውን ቃል ልጅ ስለተናገረች አያጥፍም። ብቻዋን ቆማ የምታሸንፍ ልጅ የለችም። የሚረዳት ማነው? ለሁሉም ስም ስጪ። እውነቱን ጻፊ።"

ሰንበቴ ቆማ አነበበችው፤ አንብባም ደገመችው።

"ታዲያ ዱጋው፣ እውነቱ ማለቴ፣ ምንድን ነው ቲቸር?"

"እውነቱማ ትሄዳለች" አለች አሸቱ መደርደሪያውን እየወለወለች። "ስንቶቹ ሄደዋል! ያንን ጻፊ፣ አንባቢው አንጀቱ ይላወሳል።"

"የሚረዳት ሰው ብትኖርስ? አስተማሪ ለምሳሌ።"

አሸቱ ዘወር እንኳ አላለችም። "አስተማሪዋ ከየት መጣች? ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረሽ ልታስገቢያት ይገባ ነበር። መጨረሻ ላይ ዱብ ብታደርጊያት አንባቢ አይቀበልሽም።"

"እሺ" አለች ሰንበቴ። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ አልመጣችም። አሸቱ የክፍል ጓደኞቿን ስትጠይቅ ቤተሰብ ጋ ናት አሏት። ለከብቶቹ ይሆናል ብላ አሰበች። ሳምንቱ ሲረዝም ደግሞ "እየጻፈች ነው! አጥብቄ ስለነገርኳት እልህ ይዟታል" ብላ ለአስተማሪዎቹ ፎከረች። አቤት፣ ያን ጊዜ ምላሷን የቆረጠላት ቢኖር!

ሰኔ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ቀጭን ሴት የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። አካም ጅርቱ ብለው ሰላም ተባባሉ።

"በቀይ የሚጽፉት አንቱ ነዎት?" አለች ሴትዮዋ። "ጉያቱ ነኝ። ሰንበቴ ልጄ ናት።"

አሸቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ሃዳ ሰንበቴ፣ የሰንበቴ እናት! ልጄስ? የት ጠፋችብኝ?"

"ተልተሌ ወረዳ ናት። ዳርናት። ግመል ያልሞተበት ሰው አለ፣ ለእሱ።" ጉያቱ መሬት መሬት እያየች ቀጠለች። "አርግዛለች።"

አሸቱ ጠረጴዛውን ያዘች። "እሷስ? ምንም አላለችም?"

"እሱ ነው እኔንም የገደለኝ። ስትለማመድ እሰማት ነበር፤ ከብቶቹን ደግፋ፣ 'አልሄድም፣ ትምህርቴን አልጨረስኩም' ትላለች። ለከብት! በሆዴ፣ ጎሽ ልጄ እላለሁ። ቦሬ ከተማ እህት አለችኝ፣ 'ላኪያት፣ እኔ ጋ ትማር' ብላለች፤ ልብሷን ጠቅልዬ ደብቄ ነበር። ዋሪዮም ልቡ አልነበረበትም፤ የሚያስቆመው ሰው ይፈልግ ነበር፣ ባሌን አላውቀውም? ሽማግሌ የመጣ ቀን ጓሮ ቆምኩ። አንድ ቃል ብትጀምር ልገባ።"

"ታዲያ ለምን ራስዎ አልገቡም?" አሸቱ ጮኸች። ማን ላይ እንደምትጮህ ለራሷም አልገባትም።

"እናት ከጀመረች ልጇን አሳመፀች ይሏታል፤ ጭራሽ ይብስበታል። ልጅ ከጀመረች ግን እናት ትከተላለች። እሷ ዝም አለች። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነው ልምምዱን የተወችው። ለምን እንደተወች አላውቅም።"

አሸቱ ታውቃለች። ልጅቷ ድርሰት አልነበረም ያመጣችላት። ይሆናል ወይ ብላ ነበር የጠየቀቻት። አሸቱ አይታመንም ብላ መለሰችላት፤ በቀይ፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ጉያቱ ከነጠላዋ ስር ደብተሩን አወጣች። "ለአንቱ ስጪልኝ ብላለች። ማንበብ አልችልም። ምን ትላለች?"

የድሮዎቹ ገጾች ተቀድደው ወጥተዋል። ቀዩ ወረቀት ግን እንደተለጠፈ አለ። አሸቱ የፊተኛውን ገጽ ገለጠችና ጮክ ብላ አነበበች፤ እምቢ ማለት አልቻለችም።

"ዋሪዮና ጉያቱ ልጅ ነበረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ሊባንና አብዱባ ይባላሉ። ከብቶቹ አልቀዋል። እናቷ ጉያቱ ጓሮ ቆማ ነበር፤ ምን እንዳሰበች አላውቅም። ልጅቷ ዝም አለች። ሄደች።"

"አላወቀችም?" አለች ጉያቱ።

ከታች አንድ መስመር ይቀራል። አሸቱ እሱንም አነበበች። "ቲቸር፣ አሁን ይታመናል?"

ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው።

በኋላ ጉያቱ ዓይኗን ጠረገችና "ሐሙስ ወደ ተልተሌ የሚሄድ ሰው አለ። ጠይቃለች፣ ይመልሱላት" አለች።

አሸቱ ተቀመጠች። መጀመሪያ "የፊተኛው ነበር የሚታመነው፣ እናትሽ ቆማልሽ ነበር" ብላ ጻፈች። ጽፋ አየችው። ያቺ ልጅ ተልተሌ፣ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሆዷ፣ ይህን አንብባ ምን ትሆናለች? ወረቀቱን ቀደደችው። ዕድሜዋን ሙሉ እውነቱን ጻፉ ስትል የኖረች ሴት፣ እውነቱን መላክ አቃታት። በሌላ ወረቀት ላይ አጭር መልስ ጽፋ አጠፈችና ለጉያቱ ሰጠቻት። በማግስቱ ከየመጽሐፉ ጀርባ ቀይ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ላጠቻቸው።

ጉያቱ መልእክቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ከመቋጠሯ በፊት "ምን አሏት?" ብላ ጠይቃ ነበር።

"አዎ፣ አሁን ይታመናል፤ ጎበዝ ልጅ፣ አልኳት" አለች አሸቱ።