ስም የሌላቸው ሁለት ደብዳቤዎች

«ቆይ፣ እኔ ነኝ ከፋፋይ? እኔ?» ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ብድግ ብለዋል። «አንተ ገና ዳዴ ስትል እኔ እዚህ ሰፈር ስብሰባ እመራ ነበር!»

«ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ ጋሼ» አለ መምህሩ። «እስካሁንም እየመሩ ነው።»

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት አጉረመረሙ፤ በግድግዳው በኩል ያሉት ሳቁ። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሄደ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ኮልፌ፣ ከወረዳው አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል። የገዢው ፓርቲ የሰፈራችን ህዋስ አባላት ሃያ አንሞላም። ለጉባኤ ተወካይ ስንመርጥ ነባሮቹ ልብስ ሰፊውን፣ አዲሶቹ መምህሩን አቀረቡ፤ ድምፁ እኩል ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፓርቲ ሆነን ቀረን። ነባሮቹ በመስኮቱ በኩል፣ አዲሶቹ በግድግዳው በኩል ይቀመጣሉ። የመምህሩን የሰርግ ሱፍ የሰፉለት እኚሁ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አሁን ግን ሱሪ ለማሳጠር እንኳ እስከ ቤቴል ይሄዳል።

ሰብሳቢያችን ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው ዝም የሚያሰኙ እናት ናቸው። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

«ስሙኝ። ክፍለ ከተማው ‹ዛሬ ካልታረቁ ሁለቱንም ከአመራር አነሳለሁ› ብሏል። የደረሱትን እነዚህን ደብዳቤዎችም መልሶልኛል።» ከቦርሳቸው ሁለት ወረቀት አወጡ። «ስም የላቸውም። አንዱ መምህሩን ይከሳል፣ አንዱ እርስዎን፣ ጋሼ። እዚሁ፣ ሁላችንም ባለንበት ይነበባሉ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

የመጀመሪያው፣ መምህሩ አዲሶቹን ለብቻቸው ካፌ እየሰበሰበ ያሳድማል የሚል ነበር። ሰብሳቢዋ ቀስ ብለው አነበቡት፦ «ይህ ሰው እንደ ሰኔ ጭቃ ከእግራችን አልላቀቅ ብሎ እርምጃችንን አከበደው።» መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ደግሞ ልብስ ሰፊው ወንበሩን እንደ ርስት ይዘውታል ይላል። «እኚህ ሰው እንደ ሰኔ ጭቃ ከእግራችን አልላቀቅ…»

ሰብሳቢዋ ንባቡን አቋረጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

ያን ጭቃ የማያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ግጥም ሳነብ ያስጨበጨበልኝ መስመር ነው። የምሠራው 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ ማመልከቻ የሚጻፍባት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ከምርጫው በኋላ ልብስ ሰፊው አንድ ሰኞ መጡ፤ መምህሩ በዚያው ሳምንት ሐሙስ መጣ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስም አይግባበት» አሉኝ። የሁለቱንም አሳምሬ ጻፍኩ። ጠባቸውን እያወቅሁ፣ የምጨነቀው ለዓረፍተ ነገሬ ብቻ ነበር። ለእሱም ቢሆን ሁለተኛ ምሳሌ ለመፈለግ ሰንፌ ነበር።

«ግለ ሂስ አለኝ» ብዬ ተነሳሁ። «ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን እንዳዘዘኝ አልናገርም።»

መናገርም አላስፈለገኝ። ልብስ ሰፊው መምህሩን አዩት፤ መምህሩም እሳቸውን።

«አንተም እሱ ጋ ሄድክ?»

«እርስዎስ፣ ጋሼ?» መምህሩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይሄ ደግሞ ‹ለማንም እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም› ብሎኝ ነበር!»

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለኝ!»

መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ግድግዳው ተሻገረ። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። ወደ መምህሩ ዞረው «አስጽፌያለሁ» አሉ። «ፊት ለፊት ልነግርህ ነበር። መልስ ኖሮህ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ፈራሁ።»

በየቢሮው በተካሄዱ ስንት የዕርቅ ስብሰባዎች ላይ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ «ፈራሁ» የሚል ቃል ግን በእጄ ጽፌ አላውቅም።

«እኔም» አለ መምህሩ። «እርስዎ የሰፉልኝን ሱፍ ለብሼ ሄጄ ነው ያስጻፍኩት።»

ተነስቶ ወደ መስኮቱ ተሻገረ። ልብስ ሰፊው አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን አነሱለት። ተቀመጠ። ወዲያው ልብስ ሰፊው እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ሐሳብ አለኝ። ይሄ ልጅ ከጸሐፊነት ይነሳልን።»

«እደግፋለሁ!» አለ መምህሩ።

ከልማድ እጆቹን ቆጠርኩ፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። ከዚያ ምርጫ ወዲህ ሁላቸውም የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የእኔ መባረር ሆነ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ፊቴ በእፍረት ይነድዳል፤ ደስታዬንም መደበቅ አቅቶኛል። ደብተሩን ለሰብሳቢዋ ሰጥቼ ወደ በሩ አመራሁ። ከኋላዬ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ማን ወደ ጉባኤው ይሂድ በሚለው ላይ እንደገና ጀምረዋል፤ አሁን ግን እያወሩ ያሉት እርስ በርስ ነው።

«በሩን ዝጋው» አሉኝ ሰብሳቢዋ። «ገና ብዙ የምንባባለው አለ።»

ወጣሁና ዘጋሁት።