አያ ይሁኔ የለካው ማዕዘን

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከተማውን ለቀን መንገዱ ሲቃና ወለሉ ከጫማዬ ሥር መንዘር ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ከቁርጭምጭሚት ገብቶ ጥርስ ላይ የሚያርፍ ስስ ንዝረት ነው። ሹፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ ጠፋ፤ ሲጨምር ተመለሰ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ የፊቴን ወንበር ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ልጅነቴ ውስጥ፣ አያ ይሁኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

አያ ይሁኔ ባደግሁባት ሮብ ገበያ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነበር። መካኒክ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሲያስብ የክብሪት እንጨት የሚያኝክ ሰው። ግቢው ናፍጣና እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። መኪናዋን ያገኛት አንድ ሰው ጓሮ ተጥላ፣ ሞተሯ ወጥቶ፣ ዶሮ ጫጩት ሲፈለፍልባት ነው። የቆየች የእንግሊዝ ጂፕ ነበረች። ከተገለበጠ ፒክአፕ ሞተርና የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮ፣ አውጥቶ ገጠመላት። ካምቢዮው ረዘም ስለሚል ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ ቆርጦ አሳጠረና በየደው። የክረምቱ ጭቃ ሆዷን እንዳይነካ ደግሞ አካሏን ከጎማው በላይ በሚሸከሙት ተጣጣፊ ብረቶች፣ ባሌስትራዎቹ፣ ላይ ብረት ደራርቦ ከፍ አደረጋት። ቀይ ቀባት። የሸራዋ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ፣ አንድ ገጽ ብቻ የምታጫውተው ቴፕ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው የላስቲክ አበባ አሁንም ከነቀለማቸው በሐሳቤ አሉ።

ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ትንዘር ነበር። ስድሳ ስትደርስ ይጀምራታል። አያ ይሁኔ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን አቀያየረ፤ አልተወችም። ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ በባዶ ለቀቃት፤ ሞተሩ ዝም ብሎም ንዝረቱ አለ። «ሞተር አይደለም» አለ። ካርዳኑን ፈትቶ ደብረ ማርቆስ ብረት ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወሰደው፤ ቀጥ ያለ ነው ብለው መለሱለት። በመጨረሻ በዘንጉ ጫፍ ያለችውን መስቀል መሳይ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን፣ በአዲስ ቀየረ። ሁለት ሳምንት ጸጥ አለች። በሦስተኛው ተመለሰባት።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ እናቴ ምጥ ጠናባት። ጤና ጣቢያ ያሉት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዷት አሉ፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። አባቴ ሳይጠራው አያ ይሁኔ መኪናዋን በራችን ላይ አቆመ። ፍራሽ አነጠፍን። የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነበርኩና ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ አባቴ ከፊት ገባ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

መንገዱ ደልደል ሲል አፍጥኖ ነዳት፤ ወለሉም ነዘረ። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ይሁኔ፣ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጥ?»

«ጎማዋ ነው። አይዞሽ።»

ብዙም አልሄድን። ከሥራችን ብረት ፈነዳ፤ ከዚያ የወደቀው ዘንግ ወለሉን እንደ መዶሻ ደጋግሞ መታው። መኪናዋ ጭቃው ላይ ቆመች። ጉም ነበር፤ ቤት አይታይም። አባቴ ሰው ፍለጋ ሮጠ። አያ ይሁኔ መኪናዋ ሥር ገብቶ በባዶ እጁ ሲታገል የሽቦና የብረት ድምፅ እሰማለሁ። እናቴ መጀመሪያ እጄን ጨመቀችው፤ ቆይታ ለቀቀችው። አባቴ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ይዞ ሲመጣ በሆዷ ካለው ልጅ ጋር አርፋ ነበር።

ልቅሶ ላይ ሁሉም ቀኗ ነው አለ። አባቴም ጥግ ለተቀመጠው አያ ይሁኔ «ቀኗ ነው፣ ይሁኔ። አንተ ምን አደረግህ?» አለው።

ከአርባዋ በኋላ አጥራችን ላይ ቆሞ ጠራኝ። ከስቷል።

«ይታይሽ፣ ትምህርት ቤት የምትይዣት ማዕዘን መለኪያ አለች?»

ይዤለት ሄድኩ። መኪናዋን አስጎትቶ አምጥቶ፣ የተሰበረውን ዘንግ እንደነበረ በሽቦ አስሮ መልሶ አስቀምጦታል። ቀጥታውን እንዲያሳየው ከጎኑ የግንበኛ ቱንቢ ሰቅሏል። ዓይኑ ቁጥሩን አይለይለትም ነበር። ሥሯ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ፤ ግራሶው ፀጉሬን ነካው።

«የፊተኛው መጋጠሚያ ስንት ይላል?»

«ሦስት።»

«የኋላው?»

«አሥራ አንድ።»

«እንደገና እዪው።»

«አሥራ አንድ ነው፣ አያ።»

ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለሕፃን እንደሚነግር ሳይሆን ለአዋቂ እንደሚናዘዝ ነገረኝ። ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል መሆን ነበረባቸው፤ አንዱ የሚያዛባውን ሌላው እንዲያስተካክለው። ዘንጉን ሲያሳጥርና መኪናዋን ከፍ ሲያደርግ የኋላውን አጣሞታል። ስለዚህ የገባው ክሮቼራ ሁሉ እየተበላ ያልቃል።

«ለእናትሽ ጎማ ነው ያልኳት ውሸቴን ነው» አለ። «ጎማ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። የዚያን ዕለት ጠዋት ስትነዝር ሰምቻታለሁ። ይህችን ጉዞ ትድረስልኝ አልኩ።»

«ታውቆ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር?»

«ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ብረት ማስገባት ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ያንኑ ቀን ለአባቴ ሊነግረው መጣ። አባቴ እስከ መጨረሻው አላዳመጠውም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም አልሰጠው። አያ ይሁኔ መኪናዋን ብሎን በብሎን ፈታታት። ሌላ ሰው አሳፍሮ አያውቅም። በዓመቱ ወደ ይጁቤ ሄደ፤ እዚያ ወፍጮ ሲጠግን ኖሮ እዚያው ሞተ። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከወራት በኋላ ነው።

አባቴ ያን እንዳልሰማ ሆኖ ቀኗ ነው እንዳለ ሞተ። ታናናሾቼም እንደዚያው ያምናሉ፤ የሙት ዓመቷ ሲደርስ እግዜር የወሰዳትን እናት ያስባሉ፣ አልቅሰው ይወጣላቸዋል። እኔ ቁጥሮቹን አውቃለሁ፤ ያነበብኳቸውም እኔ ነኝ። አያ ይሁኔ እውነቱን ማወቅ ይገባታል ብሎ ነው የሰጠኝ፤ ክፉ አላሰበም። ሸክሙን ግን ለማንም ላካፍል አልቻልኩም፤ ለእሱም እንዳልመልስለት ሞቷል።