ረሺዳ የምትሸጠው ንግሥና

ረሺዳ ዕድሜዋን በወገዳ ገበያ ክርና መርፌ ስትሸጥ ኖራለች፤ በደርግ ዘመን ስሟን ያስጠራው ግን ባሏ የሚጠርብላት፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ የመጫወቻ እንጨት ነበር። እንጨቱ ተወርውሮ ቆሞ ካረፈ ወርዋሪው ንጉሥ፣ በጎኑ ካረፈ ዳኛ፣ በሆዱ ከተኛ ሌባ ይሆናል። ንጉሥ ቅጣት ያዛል፤ ሌባ ይቀጣል። ረሺዳ ታዲያ ገዢው አንድ ጊዜ ሳይነግሥ አትሸጥለትም። «ንግሥና ያልቀመሰ ምኑን ብሎ ይገዛል?» ትላለች።

አንድ የገበያ ቀን፣ በስብሰባ ትንፍሽ ብለው የማያውቁት ገበሬ፣ አቶ አንዳርጌ፣ ቢወረውሩ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ነገሥኩ! ኧረ ነገሥኩ!» ብለው ሲጮኹ የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላቸው ደረሰ።

«ንጉሥ ከወረደ ስንት ዘመኑ! ማነው እዚህ የነገሠው?»

ረሺዳ ዕቃዋ ሊወረስ እንደሆነ ገባት፤ አፏ ግን አልታሰረም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼማ በየውርወራው የሚወርድ ንጉሥ ነው! ይወርውሩና ያውርዷቸው እንጂ!»

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቃኘና ወረወረ። እንጨቱ በሆዱ ተዘረጋ።

«ሌባ!» አለ ገበያው ባንድ ድምፅ።

አቶ አንዳርጌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በል፣ እንደ አህያ ጩህ!»

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ፤ ቀጥሎ ከንፈሩ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ አናፋ። ከገበያው ጥግ እውነተኛ አህያ መለሰችለት። ሰው በሳቅ ተንከባለለ።

«አንዱን ሽጭልኝ» አለ ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ።

«ሳይነግሡማ አልሸጥም።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ገና እየወረወረ ነበር።