ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ተሳፋሪ

ተሻለች በመጫወቻ ባቡር ቀናች ቢሏችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሐይቅ ከተማም ስቃ ጨርሳለች። ቅናት እንደሆነ ቦታ አይመርጥም። የሌላዋ ሴት ቅናት ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ይቀራል፣ የሷ ደግሞ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል በሆነ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ባሏ ወንዱ ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሐዲዱ በሐይቅ በኩል ሲዘረጋ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ሦስት ዓመት ሽቦ ሲጎትት ኖረ። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሥራው ቀጥ አለና ሰዎቹ ሻንጣቸውን ዘግተው ወደየአገራቸው ገቡ። አለቃው የነበረው ሽበታም ፈረንጅ ሲሰናበተው አንድ ካርቶን አሸክሞት ሄደ። ተሻለች ጫማ መስሏት ቀድማ ከፈተችው። አራት ፉርጎ፣ አንድ ሞተር፣ ጥቂት ቁርጥራጭ ሐዲድ።

"እሰይ! የሦስት ዓመት ልፋት ዋጋው መጫወቻ!" አለች።

ወንዱ አልሰማትም። አንዱን ፉርጎ አንስቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አጮለቀ። "ሰው የለበትም" አለ። "መብራትም የለው። እንዲህ ሆኖማ አይሄድም።"

በቃ፣ ያን ቀን ሰውየውን ተቀማች። ድሮ ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የከተማውን ወሬ ያወራት ነበር፤ አሁን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ጠረጴዛው ነው። የፉርጎውን ጣሪያ በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ያነሳል። ከተበላሸ ራዲዮ የፈታውን ቀጭን ሽቦ በጣሪያው ሥር ይዘረጋል። ከጤፍ ትንሽ የሚተልቁ አምፖሎችን ከቻይና የእጅ ባትሪ እየነቀለ፣ በየወንበሩ አናት ላይ አንድ አንድ ያስራል። ሽቦውን ከራዲዮ ድንጋይ ጋር ሲያገናኘው ፉርጎው ቦግ ይላል፣ እሱም አብሮ ቦግ ይላል። ለሷ እንዲያ በርቶላት የሚያውቀው የሠርጋቸው ዕለት ብቻ ነው።

"ስኳር አለብህ፣ እንዲህ አጎንብሰህ አትዋል" ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት መርፌውን የምትወጋው እሷ ናት። መድኃኒቱን ቀዝቀዝ ብሎ እንዲቆይ ውኃ በሞላ ገንቦ ሥር የምታኖረውም እሷ። "እሺ" ይላል፣ አይቃናም።

ቀጥሎ ተሳፋሪ መቅረጽ ጀመረ። የዋንዛ እንጨት ጠርቦ፣ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ሰዎች ሠርቶ፣ በጥፍር ቀለም ልብስ አልብሶ በየወንበሩ ይለጥፋል። ሰዎቹ ደግሞ የሚታወቁ ናቸው። እናቱ አሉበት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መቋሚያቸውን ይዘው። አረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋው አብሮ አደጉ አራጋው አለበት። ሽበታሙ ፈረንጅም አለበት። ተሻለች ከመጀመሪያው ፉርጎ እስከ መጨረሻው ጣሪያው በተነሳበት በኩል ዓይኗን ደፍታ ራሷን ፈለገች። የለችም።

ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ግን፣ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ተደግፋ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች። ከጎኗ ያሉት ሁለት ቦታዎች ባዶ ናቸው።

ወይ ጉድ! ሐይቅ ውስጥ ያንን ቢጫ ሻሽ የማያውቅ ማን አለ? ሰብለወንጌል ናት። ወንዱ ቀለበት አስሮላት፣ ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው አዲስ አበባ ሄዳ በዚያው የቀረች ሰብለወንጌል። ተሻለች ሙሽራ ሆና ስትገባ ሰዎች "እንኳን ደስ ያለሽ" ከማለታቸው በፊት የነገሯት የዚያችን ሴት ወሬ ነበር። ጣቷን ሴትዮዋ ላይ ቀሰረች።

"ይቺ ምን ትሠራለች?"

"ተሳፍራለች።"

"እኔስ?"

"አንቺን አላሳፍርም።"

"ከጎኗ ያለው ቦታ ለማን ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ለራስህ ነው! መርፌህንም እሷው ትውጋህ!" ብላ ጥላው ወጣች። ጎረቤቷ መስኡዳ በአጥር ላይ ሆና "ኧረ ያረቢ፣ ተሻለች! በእንጨት ሴት?" ብትላት፣ "እንጨት ስለሆነች ነው እንጂ ፀጉሯን ይዤ አወርዳት ነበር" አለች። በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ውጫሌ እናቷ ቤት ገባች።

በሦስተኛው ቀን ወንዱ ሸህ ኑርዬን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሸህ ኑርዬ የቅሬያቸው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ዳኛ ናቸው፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሲቀብሩና ሲያስታርቁ የሸበቱ። "እሺ ልጄ፣ ምን አጠፋ?" ብለው ጠየቁ። ተሻለችም ነገሯን ዘረዘረች። እናቷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፣ ሸህ ኑርዬ ግን አልሳቁም።

"ወንዱ፣ ሚስትህን ለምን አታሳፍራትም?"

ወንዱ መሬት መሬት እያየ መለሰ። "ባቡሩ ላይ ያሉት የሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ሸህ። እናቴ ሄደች። አራጋው ሄደ። ፈረንጁም ሄደ። ያቺም ሄደች። ያለን ሰው ምን ብዬ አሳፍራለሁ?"

"እኔም ሄጃለሁ!" አለች ተሻለች። "ይኸው ሦስት ቀኔ!"

ሸህ ኑርዬ ጢማቸውን አሻሹ። እንዲህም ፈረዱ። "የሄደ አይወርድም፣ ያለ አይሳፈርም። ወንዱ እውነት አለው። ግን የዚች ልጅ ዓይን በዚያች ሴት ላይ ሲያርፍ ይቃጠላል፣ እሷም እውነት አላት። እንግዲህ ከሴትዮዋ ራስ በላይ ያለው አምፖል ይነቀል። ትሳፈር፣ ግን በጨለማ።"

ተሻለችን ቅር ቅር አላት፣ ግን ሽማግሌ ከፈረደ ወዲያ ምን ይባላል! ሲመለሱ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። እሷ ከእናቷ ጋር ስትሰነባበት ወንዱ ቀድሞ ገብቶ ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ ጃኬቱን አነጠፈ። ሰው ሊቀመጥ በመጣ ቁጥር "ሰው አለው፣ ሰው አለው" እያለ ሲከላከል በመስኮት አየችው። ንዴቷ በረደ። እንዲያው የበረደ አታስመስል እንጂ በረደ።

አምፖሉ ተነቀለ። ሌሎቹ ወንበሮች ሲበሩ የሰብለወንጌል ወንበር ጨለማ ሆነ። ተሻለች ማታ ማታ ሳትፈትሽ አትተኛም ነበር።

ጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አራት ላይ ጦርነቱ ቀረበ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከሐይቁ ማዶ ሲሰማ ከተማው በአንድ ቀን ነቅሎ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። የወንዱ አባት አያሌው ግን ሁለት ዓመት ከአልጋ ያልወረዱ ሰው ናቸው።

"አባባን ትቼ የት እሄዳለሁ?" አለ ወንዱ። "አንቺ ከመስኡዳ ጋር ውጪ።"

"አልሄድም።"

"ሂጂ አልኩሽ። መድኃኒቱም አለኝ፣ መወጋቱንም እለምደዋለሁ። የሁለት ሳምንት ጉዳይ ነው።"

በሩ ላይ ቆማ ወደ ጠረጴዛው አየች። "ሄደች ብለህ እንዳታሳፍረኝ!" አለችው።

"ትመለሻለሽ፣ ምን ብዬ አሳፍርሻለሁ?" አለና ሳቀ።

ተሻለችና መስኡዳ ከደሴም ተነቅለው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዱ። ሁለት ሳምንት የተባለው ከወር አለፈ። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። መድኃኒቱ ግን ቁጥር ያውቃል፣ ለሁለት ሳምንት የተባለው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ተከፍቶ ስትመለስ አማቷን በሕይወት አገኘቻቸው። አጠገባቸው ወንዱ የለም።

"ገንቦው ሥር እጁን እየሰደደ ይፈልግ ነበር፣ ልጄ" አሏት አያሌው። "ባዶ መሆኑን እያወቀ።" እሱን የቀበሩትም፣ አባቱን ያስታመሙትም ሸህ ኑርዬና ከተማ ውስጥ የቀሩ ጥቂት የቅሬ ሰዎች ነበሩ። ሸህ ኑርዬ ራሳቸው ቃሬዛውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሸኝተውታል።

ቤቱ ተበርብሯል። ባቡሩን ግን ከሞተሩ በቀር ማንም የፈለገው የለም፤ አራቱ ፉርጎዎች አልጋ ሥር ተገኙ። ተሻለች አርባው እስኪወጣ አልነካቻቸውም።

ከአርባው ማግስት ቢላውን አነሳች። የዋንዛ ስባሪ ፈልጋ ስትጠርብ ዋለች። ጣቷን ሁለት ጊዜ ቆረጠች። ሰውየው ራሱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ሆኖ ወጣ፤ የጃኬቱ ቀለም ግን ልክ ነው። የፉርጎዎቹን ጣሪያ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ቦታ ፈለገች። ሁሉም ሞልቷል። ባዶ የቀረው ያ ወንበር ብቻ ነው፣ ከሰብለወንጌል ጎን፣ ጨለማው ውስጥ።

"አየህ!" አለችው እጇ ላይ ያለውን። "ለራስህ ነው ብዬህ አልነበረም?" እንባዋ መጣ፣ ንዴቷም አብሮ መጣ፣ የቱ እንደቀደመ እሷም አታውቅም።

በጨለማ ልታስቀምጠው አልሆነላትም። የመሣሪያ ሣጥኑን አገላብጣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ በወረቀት ተጠቅልላ የተቀመጠች አንዲት አምፖል አገኘች። እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ሽቦውን ልጣ አሰረች፣ ከራዲዮ ድንጋዩ ጋር አገናኘች። ወንበሩ ቦግ አለ። ቢጫው ሻሽም አብሮ በራ።

"ለሱ ብዬ ነው፣ ላንቺ እንዳይመስልሽ!" አለቻት። ከዚያ ሰብለወንጌልን ከወንበሯ ፈልቅቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መልሳ ለጠፈቻት። ወንዱን ከወዲህ ጫፍ ለጠፈችው። በመሃል አንድ ቦታ ቀረ። ከነጠላዋ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቀድዳ፣ አጣጥፋ እዚያ ላይ አነጠፈች።

መስኡዳ ልታያት ገብታ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። "አብሽሪ፣ እህቴ" አለችና ወደ ፉርጎው ጎንበስ አለች። "ይቺ ጨርቅ ደግሞ ምንድን ናት? መሃል ላይ?"

ተሻለች ጣሪያውን ቀስ ብላ ገጠመች።

"ሰው አለው" አለቻት።