ገፈርሳ ጫካ ውስጥ ያልጮኸው ሽቦ

የማስተር ፕላኑ ረብሻ የተነሳ ዓመት ነው ልጆች፣ ኅዳር ላይ። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ ከርከሮ ደግሞ ከገፈርሳ ባሕር ዛፍ ውስጥ እየወጣ ያወድመዋል። እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ድንቁ ጠመንጃ እያለን ቁጭ ብለን እናያለን። ያን ሰሞን አንድ ጥይት ከጮኸ ወታደር መንደሩን ይከባል፣ ጎረምሳ ይታፈሳል። የኦቦ ድንቁ ልጅ ከሰልፍ አምልጦ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል።

ሰው ቢቸግረው በሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ወጥመድ ሠርቶ ጫካውን ሞላው። ከዚያ አጥማጆቹ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ ሸሸ፤ ሽቦው የት የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ።

አንድ ማለዳ ጦር ይዘን ገባን። እኔ ለክፉ ቀን ብዬ ጠመንጃዬንም አንግቻለሁ። ጤዛው እግር ያርሳል። የከርከሮው ዱካ ትኩስ ነው፤ በኋላ እግሩ የሚጎትተው ነገር ጭቃውን ጭሮታል። ወጥመድ በጥሶ ያመለጠ፣ የቆሰለ ነው ማለት ነው። ጆሮዬ አንዴ ጫካው፣ አንዴ ወታደር የሚመላለስበት አስፋልት ላይ ነው።

እኔ ከፊት ደረቅ ሸምበቆ በሁለት ጣት ላላ አድርጌ ይዤ፣ በቁርጭምጭሚት ልክ እያስቀደምኩ እሄዳለሁ። ሽቦ ሲነካ «ጥንን» ይላል፤ ዓይን የማያየውን ቀጭን ሽቦ ጆሮ ያገኘዋል። ኦቦ ድንቁ ሳቁብኝ። «አንተ፣ አደን ነው የመጣኸው ክራር ልትደረድር?»

ሁለት ሽቦዎች ጮኹልን፣ ቆረጥናቸው። ሦስተኛውን ሸምበቆዬ ዳብሶት አለፈ፤ ቅጠል ሥር ላልቶ ተኝቶ ስለነበር ድምፅ አልሰጠም። ከኋላዬ ኦቦ ድንቁ ረገጡት፣ ቋጠሮው እግራቸውን ያዘና በግንባራቸው ተደፉ። በዚያው ቅጽበት ከርከሮው ከቁጥቋጦው ወጣባቸው።

ጠመንጃዬን ሳወርድ አዩኝ። «እንዳትተኩስ። ልጄን ታስበላዋለህ።»

ጠመንጃውን ጥዬ በጦር ሄድኩበት። እስክደርስ በክራንቻው ጭናቸውን ዘረጠጠው። ከብብቱ ሥር ወጋሁት፤ የጦሩ እንጨት እጄ ላይ ተሰበረ፣ ከርከሮውም እላያቸው ላይ ወደቀ። አስፋልቱ ላይ የወታደር መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። ኦቦ ድንቁ ጋቢያቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ትንፍሽ አላሉም።

ልጁ በሳምንቱ ጫንጮ አጎቱ ጋ ደረሰ፣ ተረፈ። እሳቸው እስከ ዛሬ ያነክሳሉ።

የሚጮኸው የተወጠረ ሽቦ ብቻ ነው። ሸምበቆው ዝም ካለ ጎንበስ በሉና ቅጠሉን በእጃችሁ ግለጡ፤ ከኋላችሁ ሰው አለ። እኔ ጫካ በገባሁ ቁጥር ጋቢ የነከሱት ኦቦ ድንቁ ፊቴ ድቅን ይላሉ። አባት ለልጁ ብሎ ያን ያህል ዝም ማለት መቻሉ አሁንም ያስፈራኛል።