ያላጨስኩት ሲጋራ

ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴና ከአባቷ ጋር ዓሣ ልንገዛ ሐይቁ አጠገብ ወዳለው የአሞራ ገደል ገበያ ወርደን ነበር።

ሲጋራ ካቆምኩ አምስት ወር ሞልቶኛል። እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው... ማስቲካ ሳላምጥ መንጋጋዬ አልቋል፣ ቢሮ ውስጥም ሳልነጫነጭ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

አቁም ብለው ወጥረው የያዙኝ አማቴ ጋሽ ከበደ ናቸው። አምና ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሲወጡ እሳቸውም «በቃኝ» ብለው ማሉ፣ እኔንም ቁጭ አድርገው መከሩኝ።

ባለቤቴ ዓሣውን ስታስበልት አማቴ «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብለው ወደ ሐይቁ ዳር ሄዱ። ሲቆዩብን ልፈልጋቸው ወጣሁ። ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ቁጭ ብለው ያጨሳሉ።

«ጋሼ... ምንድነው ይሄ?»

«አንድ ብቻ ናት። ለልጅቷ እንዳትነግራት።»

«የት ጠፋችሁ?» የሚል የባለቤቴ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ይፈጥናሉ ብዬ አላሰብኩም። ሲጋራውን እጄ ላይ አስይዘውኝ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ባለቤቴ እጄን አየች።

«አምስት ወር ሙሉ ስትዋሸኝ ነበር?»

ይናገራሉ ብዬ አማቴን ጠበቅኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ይሄን ነገር ተው ብዬህ አልነበር?» አሉኝ።

እውነቱን ባወጣ ሽማግሌውን በልጃቸው ፊት ማዋረድ ሆነብኝ። ሲጋራውን መሬት ላይ ረግጬ አጠፋሁት። በባጃጅ ወደ ቤታችን ተመለስን።

እንደገባን መኝታ ቤት ጠራችኝ።

«እስቲ ተንፍስ።»

ተነፈስኩ። ጠጋ ብላ አሸተተች። ደግማ አስተነፈሰችኝ። ከማስቲካ ሽታ በቀር ምንም የለም።

«ታዲያ የማን ነው?»

ሳሎን ውስጥ አማቴ ሲያስሉ ተሰማ። ትንሽ አየችኝና ወጣች።

«አባባ... እስቲ ይተንፍሱ» ስትል ሰማኋት።

ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱም አኩርፈውኛል። እሳቸው «አሳበቅክብኝ» ብለው፣ እሷ «ለምን ደበቅክብኝ፣ ቢሞቱብኝስ?» ብላ።

በአምስት ወር ውስጥ ሲጋራ እንደዚህ ሳምንት አምሮኝ አያውቅም።